«ትልቁን ግዙ» ላሉን ጸሐፊ፦ ስለ ካይት ምርጫ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የመጀመሪያ ካይት ስለመግዛት የሚመክር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ላከልኝ። በቋንቋችን ስለ ካይትቦርዲንግ የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ መጻፉ ራሱ ደስ ይላል። ጸሐፊው ዱባይ እንደሚኖሩ፣ 90 ኪሎ እንደሚመዝኑና በስፖርቱ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ነግረውናል። ልምዳቸውን አልጠራጠርም። ጽሑፉም አይሰለችም። ምክሩ ግን ጀማሪ እጅ ሲገባ አንዳንዱ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል።

ለስፖርቱ አዲስ ለሆነ አንባቢ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ካይትቦርዲንግ ማለት እግር ላይ ቦርድ፣ ወገብ ላይ ሃርነስ (ሰፊ መታጠቂያ) አድርጎ፣ በነፋስ በሚበር ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ ማለትም በካይት እየተጎተቱ ውሃ ላይ መሄድ ነው። ነጂውና ካይቱ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚረዝሙ ገመዶች ነው። ገመዶቹ እጅ ላይ ካለው ባር ጋር ይታሰራሉ። ባሩን ወደ ራስ ሲስቡት ካይቱ ይጎትታል፤ ሲገፉት ይላላል። እኔ ሰው ካይት እንድመርጥለት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው ይህን መላላት ነው። ነፋሱ ድንገት ቢያይል ይህ ካይት ጉልበቱን ምን ያህል ያራግፋል? ጸሐፊው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያወሩት ምን ያህል እንደሚጎትት ነው። ልዩነታችን ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያ ምክራቸው ይህ ነው፦ «12 ካሬ ሜትር ግዙ፤ ለሁሉም ይሆናል። ትልቅ ካይት ቀስ ብሎ ስለሚዞር ለጀማሪም ደህና ነው።»

ቀስ ብሎ መዞሩ እውነት ነው። አምስት ወይም ስድስት ካሬ ሜትር የሆነ ካይት እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ይወረወራል፤ ጀማሪን ያስደነግጣል። እዚህ ድረስ እንስማማለን። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚዞር ካይት ከአደጋ ለማውጣት ሲፈለግም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ነፋሱ ሲያይል ካይቱን ከአናት በላይ ወዳለው ጸጥተኛ ቦታ መመለስ ካስፈለገ፣ ያ ዝግታ ጠላት ይሆናል።

ዋናው ችግር ግን ሒሳቡ ላይ ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ 15 ኖት እያለ ተመችቶህ ስትሄድ ቆይተህ 22 ኖት ቢገባ፣ ቁጥሩ ሲታይ ሰባት ኖት ብቻ ነው የጨመረው። ካይቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን ከእጥፍ ያልፋል። በሰዓት ኪሎ ሜትር ማሰብ ለሚቀለው ሰው፣ አንድ ኖት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ነጂዎች መጠን ሲገምቱ የሚጠቀሙባት አንዲት ቀላል ስሌት አለች። የሰውነት ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለነፋሱ ፍጥነት በኖት፣ ሲባዛ በ2.2። የሚወጣው ቁጥር የካይቱ መጠን በካሬ ሜትር ነው። ግምት ናት እንጂ ሕግ አይደለችም፤ ግን ከ«12 ለሁሉም» በብዙ ትሻላለች። በዚህ ስሌት 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ16 ኖት 12 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ዱባይ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የባሕር ነፋስ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለራሳቸው ሰውነትና ለራሳቸው ባሕር ዳርቻ በትክክል መርጠዋል። ሌላው ሰው ግን እሳቸው አይደለም።

55 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ያንን 12 ይዛ 20 ኖት ላይ ብትወጣ ምን ይሆናል? ስሌቱ ለእሷ የሚሰጣት ስድስት ካሬ ሜትር ነው። እጥፉን ተሸክማ ነው የምትወጣው። ታሪፋ ሄዶ የሌቫንቴ ነፋስ ያጋጠመውም እንደዚያው ነው። በደቡብ ስፔን ያ የምሥራቅ ነፋስ 30 ኖት ማለፉ ብርቅ አይደለም። እዚያ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሚይዘው አምስት ወይም ስድስት ካሬ ሜትር ነው። 12 ይዞ የሚወጣ ሰው ቢታይ ዳር ያለው ሁሉ ሮጦ ያስቆመዋል። ዛንዚባር ፓጄ ላይ ደግሞ ነፋሱ መካከለኛ ነው፤ እዚያ ዘጠኝና አሥር ብዙውን ቀን ይሸፍናል። እኔ በምኖርበት ሃይፋ፣ ባት ጋሊም ዳር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የባሕር ነፋስ ለስላሳ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ዝናብ ይዞ የሚመጣው ምዕራባዊ ነፋስ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳን አንድ ካይት ዓመቱን አይዘልቅም።

መካከለኛ ክብደት ያለው ጀማሪ አንድ ብቻ መግዛት ከቻለ ዘጠኝ ወይም አሥር ካሬ ሜትር ይግዛ እላለሁ። ነፋሱ ለዚያ ካልበቃ ይቀመጥ፤ ሻይ ይጠጣ። ቆይቶ ሁለተኛ ሲጨምር በሁለቱ መካከል የሁለት ወይም የሦስት ካሬ ሜትር ልዩነት ይተው። ነፋሱ ለሰስ ያለበት አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ካይቱን ከማሳደግ በፊት ቦርዱን ያሳድግ። ሰፋ ያለ ቦርድ በትንሽ ጉልበት ውሃው ላይ ይወጣል፤ ዋጋውም ከካይት ያንሳል። ጸሐፊው ቦርድን አንድም ቦታ አላነሱም። ይህ ገርሞኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ብለዋል። ከአንድ የአውሮፓ ሰንጠረዥ የወሰዱትን የመጠን ዝርዝር አስቀምጠው፣ «ይህ በየትኛውም የዓለም ክፍል ይሠራል፤ ላንጋኖም ብትሄዱ ያው ነው» ብለዋል።

ያው አይደለም። ካይትን የሚገፋው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የአየሩ እፍጋትም ነው። 35 ዲግሪ የሞቀ አየር ከ10 ዲግሪው አየር በ8 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በሰሜን አውሮፓ በቅዝቃዜ የሚነፍስ 18 ኖት፣ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ከሚነፍስ 18 ኖት የበለጠ «ከባድ» የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከፍታ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ሐዋሳ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ይጠጋል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ አየር በተመሳሳይ ሙቀት ካለው የባሕር ዳር አየር ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ካሬ ሜትር የሚበቃው ሰው፣ በዚያው የነፋስ ፍጥነት ስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ላይ ወደ 12 የሚጠጋ ያስፈልገዋል። እንግዲህ «ትልቁን ግዙ» የሚለው ምክር አገር ቤት ላይ በአጋጣሚ ይሠራል ማለት ነው። ምክንያቱ ግን ጸሐፊው ያሉት አይደለም። ደግሞም ሐይቅ ላይ ከመውጣት በፊት ከካይቱ መጠን የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። የሚያነሳ ጀልባ አለ? ነፋሱ ወደ የትኛው ዳር ነው የሚገፋው? ሐዋሳ ከሆነ ደግሞ ጉማሬው የት ነው ያለው? ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም።

አሁን በጣም ወደማልስማማበት ልምጣ። እንዲህ ይላሉ፦ «እውነተኛው ካይት ሲ-ካይት ነው። የፈጣሪዎቹ ሐሳብ እሱ ነበር። ቦው የሚባለው በኋላ ለፈሪዎች የተሠራ ነው። ጎበዝ በሲ ይማራል።»

ታሪኩን እናንሳ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሊነፋ የሚችለውን ካይት የፈጠሩት ብሩኖ እና ዶሚኒክ ሌጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። በፈረንሳይ የብሪታኒ ግዛት የባሕር ዳር ልጆች፣ መርከበኞች ነበሩ። የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት በኅዳር 1984 ነው። ያስቸገራቸው ጥያቄ «እንዴት ኃይለኛ ካይት እንሥራ» የሚል አልነበረም። ኃይለኛ ካይት ከእነሱም በፊት ነበር። ያስቸገራቸው ካይቱ ውሃ ላይ ሲወድቅ መልሶ አለመነሳቱ ነው። መልሳቸው በአየር የሚነፋ የፊት ጠርዝ ሆነ፦ የሚንሳፈፍና ቅርጹን የሚጠብቅ ቱቦ። ዓለም ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ዊፒካ በሚል ስም ለሰፊው ገበያ የቀረበው በ1997 ነው። ያ ካይት ከፊት ሲታይ የላቲኑን ፊደል C የሚመስል ጥልቅ ቅስት ነበረው፤ ሲ የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው።

ታዲያ ቦውን ማን ፈጠረው? ያው ብሩኖ ሌጌኙ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ አዲሱን ንድፍ አውጥቶ ለአምራቾች ፈቃድ ሰጠ። ካብሪንያ የተባለው አምራች ክሮስቦው የተሰኘውን ካይት ለገበያ ያቀረበው በዚህ ፈቃድ በ2005 ነው። ስለዚህ «የፈጣሪዎቹ ሐሳብ» የሚለው ክርክር ራሱን ይመታል። ሲን የሠራው ሰው ዓመታት ቆይቶ የሲን ጉድለት ለማረም ቁጭ ብሎ ሠርቷል።

ጉድለቱ ምን ነበር? በሲ-ካይት ገመዶቹ በቀጥታ ከክንፉ ጫፎች ጋር ይታሰራሉ፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። የፊት ጠርዙን መሃሉ ላይ ደግፎ የሚይዘው ነገር የለም። ባሩን ስትገፋው ካይቱ ነፋሱን የሚገጥምበት ማዕዘን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ግን የሚወርደው በጥቂቱ ነው። ከዚያ ካለፈ ካይቱ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። የቀረው ጉልበት ካንተ ጋር ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰዎች ከአሸዋ ላይ ተነስተው ከአጥርና ከመኪና ጋር የተላተሙት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋሱ ድንገት ያይላል፤ ባሩ እስከ መጨረሻው ተገፍቷል፤ ካይቱ ግን መጎተቱን አያቆምም።

ቦው ላይ ሦስት ነገር ተቀየረ። ካይቱ ጠፍጠፍ አለ። የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ። የፊት ጠርዙ ደግሞ ብራይድል በሚባሉ ተከፋፍለው በሚታሰሩ ገመዶች ከብዙ ቦታ ተደገፈ። ብራይድሉ ስለሚደግፈው ካይቱ በጣም በጠበበ ማዕዘን ሲበር እንኳን አይታጠፍም። ባሩን ስትገፋው ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይራገፋል። ይህን ነው ዲፓወር የምንለው። አንድ ካይት የሚሸፍነው የነፋስ መጠንም በዚያው ሰፋ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ካይቶች ዴልታ ተባሉ፣ ሃይብሪድ ተባሉ፣ ሌላ ስም ተሰጣቸው፣ የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ዴልታ የሚባሉት የክንፋቸው ጫፍ ወደ ኋላ የተሳበ ነው፤ ውሃ ላይ ሲወድቁ ራሳቸው ወደ ጎን ይዞራሉ፤ ለመነሳትም ይቀላቸዋል። በቀን ብዙ ጊዜ ካይት ለሚጥል ጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ጸጋ የለም።

ለሲ የሚገባውን ክብር አልነፍግም። ከሃርነሱ ተፈተው ባሩን በጀርባቸው በኩል ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብሉ ነጂዎች አሉ። እነሱ አየር ላይ እያሉ ገመዱ ለአፍታ እንዲላላላቸው ይፈልጋሉ፤ ሲ ይህን ያደርጋል። የአዟዟሩ ስሜትም ልዩ ነው። ድሮ የወጡት ቦዎች ደግሞ ባራቸው ክንድ የሚያደክም ነበር፤ አንዳንዴም በግልባጭ ይገለበጡ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን «ጎበዝ በሲ ይነዳል» ከሆነ ነገሩ፣ ኬፕታውን ላይ በሚካሄደው ኪንግ ኦፍ ዘ ኤር ውድድር ከፎቅ በላይ የሚዘሉት ሰዎች ምን ይዘው ነው የሚዘሉት? አብዛኛው ብራይድል ያለው ካይት ነው። እነሱን ፈሪ የሚላቸው ካለ ወጥቶ ይንገራቸው።

ቀጥለው ኦሎምፒክን ጠቅሰዋል። «በፓሪስ 2024 ያሸነፉት ረጅምና ቀጭን ክንፍ ባለው ካይት ነው። ስለዚህ ረጅምና ቀጭኑን ምረጡ፤ የሚሻለው እሱ ነው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ካይት በኦሎምፒክ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ውድድሩም የተደረገው ፓሪስ ሳይሆን ማርሴይ ባሕር ላይ ነው። በሴቶች የብሪታኒያዋ ኤሊ አልድሪጅ፣ በወንዶች የኦስትሪያው ቫለንቲን ቦንቱስ ወርቅ ወሰዱ። የተጠቀሙት ካይት ግን እኛ ከምንነፋው ጋር የሚመሳሰለው በስሙ ነው። ፎይል ካይት ይባላል። የሚነፋ ቱቦ የለውም። ሁለት ድርብ ጨርቅ ሆኖ በመሃሉ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ አየሩ ከፊት ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ ይነፋዋል። ነፋስ ሲያንስ የወንዶቹ ካይት ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ከሥር ያለው ቦርድም በሃይድሮፎይል (ውሃ ውስጥ ባለ ክንፍ) ከውሃው በላይ የሚንሳፈፍ ነው። የብራይድሉ ገመድ ብዛት ለአዲስ ሰው ራስ ምታት ነው። ውሃ ላይ ጥለኸው ከዘገየህ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጡ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዕጣህ መዋኘት ነው።

ስለ ክንፍ ርዝመት ግን ትንሽ ልቆይ፤ ለመምረጥ የሚረዳ ነገር ስላለው። የክንፉ ርዝመት ለወርዱ ያለው ንጽጽር አስፔክት ሬሾ ይባላል። ከፍ ያለ ከሆነ ክንፉ ረጅምና ቀጭን ነው። እንዲህ ያለው ካይት አየሩን በትንሽ ብክነት ይቆርጣል። ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አሻቅቦ መሄድ ይችልበታል፤ ሲዘሉም አየር ላይ ያቆያል። ዋጋው አለው፤ አዟዟሩ ዘገምተኛ ነው፤ ወደፊትም ይሽቀዳደማል። ካልተቆጣጠሩት ነጂውን ቀድሞ ያልፍና ገመዱ ሲላላ ከሰማይ ይወድቃል። ዝቅ ያለ አስፔክት ያለው ደግሞ አጭርና ሰፊ ነው። ቶሎ ይዞራል፤ በቀላሉ ከውሃ ይነሳል። ማዕበል ላይ የሚነዱ ሰዎች የሚወዱትም ገመዱ ላልቶ እንኳን ከነፋሱ ጋር ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ ስለሚከተላቸው ነው። ጀማሪ የሚፈልገው መሃል ላይ ያለውን ወይም ዝቅ ያለውን ነው። የኦሎምፒክ አሸናፊ ምን እንደያዘ ማወቅ ደስ ይላል፤ ለጀማሪው ግን የፎርሙላ ዋን መኪና አይቶ የመጀመሪያ መኪናውን እንደመምረጥ ነው።

ስለ ስትራት የጻፉት አጭር ስለሆነ እኔም አላስረዝመውም። «አምስት ስትራት ከሦስት ይሻላል፤ ብዙ ሲሆን ጥራት ነው» ይላሉ። ስትራት ማለት ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ የሚሄዱት ትንንሽ ቱቦዎች ናቸው። አምስት ሲሆኑ ካይቱ በሚያይልና በሚዋዥቅ ነፋስ ቅርጹን ይጠብቃል። ሦስት ሲሆኑ ይቀላል፤ በለስላሳ ነፋስም አየር ላይ ይቆያል። አንድ ያላቸው፣ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። የጥራት መለኪያ አይደለም። ለጀማሪ ሦስት ይበቃዋል።

ስለ አዳዲሶቹ ቀላል ጨርቆች «የገበያ ወሬ ነው» ያሉት ግማሹ ልክ ነው። አሉላ የሚባለው ጨርቅ (ከራስ አሉላ ጋር ዝምድና የለውም) ለፊት ጠርዙ ከተለመደው ዳክሮን በጣም ይቀላል፤ ጥንካሬውም አይተናነስም። በትንሽ ነፋስ ልዩነቱ ይታወቃል። ዋጋውም ይታወቃል። ካይቱን አሸዋ ላይ እየደጋገመ ለሚያፈርጥ ተማሪ ያንን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ወሬ ግን አይደለም።

«ብዙ አትንፉት፤ ይፈነዳል» የሚለው ምክር ደግሞ ከፍርሃት የመጣ ነው። የሚፈነዳ ካይት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ ያረጀ ወይም ውስጡ ያለው ብላደር (አየሩን የሚይዘው ከረጢት) የተጣመመ ነው። ባልበቃ አየር የተነፋ ካይት ግን በነፋስ መሃል ይታጠፋል፤ ሲዞር ይልፈሰፈሳል፤ ከውሃ ላይም አልነሳ ይላል። አምራቹ ቫልቩ አጠገብ የሚፈልገውን መጠን ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ትልልቆቹ ዝቅ ይላሉ። ፓምፑ ላይ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ አለ። እሱን ማየት ነው።

በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ነው። «ካይት ጨርቅና ገመድ ነው፤ አያረጅም። 2003 የተሠራ ካይት ከባሩ ጋር በርካሽ ካገኛችሁ ውሰዱ፤ ተማሩበት፤ በኋላ አዲስ ትገዛላችሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለወንድሜ ወይም ለእህቴ አላስነብብም።

ያገለገለ ካይት መግዛት በራሱ ብልህነት ነው። እኔም እመክራለሁ። ግን የ2003 ካይት ማለት ከቦው በፊት የተሠራ ማለት ነው። ባሩን ገፍቶ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ማራገፍ የማይቻልበት ካይት ነው። በዚያ ላይ የባሩ ሥርዓት ሌላ ጉዳይ ነው። የዛሬ ባር ላይ ኩዊክ ሪሊስ የሚባል የአደጋ መልቀቂያ አለ፤ ስትገፋው ባሩ ይለቃል፤ ካይቱ በአንድ የፊት ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ጉልበቱ ይሞታል። የያኔዎቹ ባሮች አንዳንዶቹ መልቀቂያ አልነበራቸውም። የነበራቸውም ገመዱ በሙሉ ኃይል ሲሳብ የሚነክሱ ነበሩ። መልቀቂያው በጭነት ላይ እያለ መሥራቱን የሚፈትን ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣው በ2020 ነው፤ ቁጥሩ አይሶ 21853 ነው። ሻጩን ስለ ቀለሙ ከመጠየቅ ስለዚህ ቁጥር መጠየቅ ይሻላል። ካይቱ ጥቂት ዓመት የቆየ ቢሆን እንኳን፣ ባሩን አዲስ ግዙ። ይህ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ነው።

«አያረጅም» ስለሚለውም አንድ ሁለት ነገር። ፖሊስተር ጨርቅ ፀሐይ ይበላዋል። ባሕር ዳር ሳይጠቀለል ውሎ ያደረ ካይት ቀለሙ ከመጥፋቱ በፊት ጥንካሬው ይጠፋል። ስትገዙ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ለጥጡት። ክሮቹ ከተራራቁ ወይም ሲጢጥ ካለ ተዉት። አዲስ ጨርቅ ስትነኩት ይንሿሿል፤ ያረጀው እንደ ታጠበ አንሶላ ይለሰልሳል። ነፍታችሁት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቁም፤ ሻጩ ከቸኮለ ምክንያቱን ጠይቁ። ቫልቮቹ ዙሪያ ሙጫው የለቀቀ መሆኑን እዩ። የክንፉን ጫፎችና የኋላ ጠርዙን ስፌት በጣታችሁ ዳብሱ፤ መጀመሪያ የሚለቁት እነሱ ናቸው። የተጠገነ ቦታ ካለ ንጹሕ ጥገና ነውር አይደለም፤ በፕላስተር የተሸፈነ ቀዳዳ ግን ሌላ ነው።

ገመዱን ሰው ይረሳዋል። አብዛኛውን ጭነት የሚሸከሙት የፊት ገመዶች ስለሆኑ ከጊዜ በኋላ ይለጠጣሉ። የኋላዎቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ስለዚህ በንጽጽር ያጥራሉ። ውጤቱ ባሩን ሳትስበው እንደሳብከው መሆን ነው። ካይቱ አየር ላይ ይሰንፋል፤ ወደ ኋላ እየሄደ ይወድቃል፤ ከውሃም አይነሳም። እኛ ዳር ላይ አንድ ልጅ ነበር፤ ካይቱ እየወደቀ አስቸግሮት ሊሸጠው ወስኖ ነበር። አራቱን ገመዶች ከአንድ ምሰሶ ጋር አስረን እኩል ስንስባቸው፣ ባሩ ጠምሞ ቁጭ አለ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ በአንድ ስንዝር ያህል ረዝመዋል። ባሩ ጫፍ ላይ ባሉት ቋጠሮዎች አስተካከልነው። ያንኑ ካይት አሁንም ይነዳዋል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ፍተሻ ከመክፈሉ በፊት ያድርግ፤ ምሰሶና አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድ ቦታ አለ። «ከመግዛታችሁ በፊት ትምህርት ውሰዱ» ብለዋል። አዎ። ትምህርት ቤት ውስጥ የተለያየ መጠን ያላቸውን ካይቶች በሌላ ሰው ገንዘብ ትሞክራላችሁ። የአገሩን ነፋስ የሚያውቅ አስተማሪም «እዚህ ብዙ ቀን የምንነዳው በስንት ካሬ ሜትር ነው?» ሲባል ከማንኛውም ሰንጠረዥ የተሻለ መልስ አለው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ የምጠይቃቸው ትንሽ ነገር ነው። ስለ ስትራቱም፣ ስለ ኦሎምፒኩም የጻፉት እንዳለ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ ሰው በክርክር ይማራል። የ2003ቱን ካይት ምክር ግን ዛሬውኑ ያውጡት። ጽሑፉን ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ እንደዚያ ያለ ካይት አግኝቶ ዋጋ እየተከራከረ ነው።